ስኳር አለበት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት አጋማሽ

ይድረስ ለሆዴ፣ ለአንድዬ ልጄ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ እንደማታደርጊው አውቃለሁ፤ ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ወለል ብሎ ይታያል። እናትን ማታለል አይቻልም። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዛሬስ ቃሉን አጣጥሜ ነው የጻፍኩት። ለምን እንደሆነ እስክትደርሺበት ድረስ ደብዳቤውን አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው፣ በሞቴ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገሩ ስለ አባትሽ ስለሆነ ነው። የእሱን ነገር ገና ስጀምር «እማዬ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ትያለሽ። መስመሩ ምን በወጣው! ስለ ጎረቤት ሳወራሽ ሰዓት ሙሉ ጥርት ብሎ ይሰማሽ የለም እንዴ? ወረቀት ደግ ነው፣ አይቆራረጥም።

አልፈርድብሽም። በሽኝትሽ ቀን ግቢው ሰው በሰው ሆኖ ሳለ «ሂጂ ከፊቴ! ከእንግዲህ አባት አለኝ እንዳትይ!» ሲልሽ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ሲፈጠፍጠው አይቻለሁ። ሳትስሚው ሄድሽ፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመትሽ። እሑድ እሑድ ትደውያለሽ፤ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ትያለሽ። በ«ሁላችሁም» ውስጥ እሱንም ጠቅልለሽ እንደምታስገቢው አይጠፋኝም። እሱ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ጓሮ ይወጣል፤ ዘግቼ ስመጣ ጥፍሩን እያየ «ሁሉ ደህና ነው?» ይለኛል። እኔ በ«ሁላችሁም» እና በ«ሁሉ» መካከል ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ትናንት ሳምንት በሞላው ቅዳሜ የእንጨት ሥራ ቤታችን ሰዎች፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ ከነቤተሰባችን ሐይቁ ዳር ወጣን። ቦታውን ታስታውሺዋለሽ፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ኮረኮንቹ አንጀት የሚበጥሰው፣ ስልክም ፎቶ ከማንሳት በቀር የማይጠቅምበት። አምና እዚያው አንዱ አናጢያችን ከቋጥኝ ላይ ተንሸራቶ እጁን ሰብሮ ነበር። ግማሻችን ስንጮህ፣ ግማሻችን የመኪና ቁልፍ ስንፈልግ ዋልን። ቁልፉ ሹፌሩ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሹፌሩ ሐይቁ ውስጥ፤ ሱሪው ግን የቱ ቁጥቋጦ ላይ እንደተሰቀለ ሹፌሩም ረስቶታል። ልጁ እጁን ታቅፎ እሱም አብሮን ሱሪ ሲፈልግ ነበር። ጉድ እኮ ነን!

ስለዚህ ዘንድሮ የሥራ ቤቱ ባለቤት አንዲት አዋላጅ አብራን እንድትሄድ ለመነ። አንቺ አታውቂያትም፤ ከሄድሽ በኋላ ፊት ለፊታችን የተከራየች ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ግን የምትለውን ሳታስፈጽም የማትቀመጥ። እንደደረስን ማንንም ምንጣፍ አላስነጠፈችም። መጀመሪያ አንዱን መኪና አፉን ወደ መውጫው አስዞረች፤ ከፊቱ ማንም እንዳያቆም ከለከለች። ቁልፉን ዛፍ ላይ በምስማር ሰቀለችው። የዚያን መኪና ሹፌር «ዛሬ አንተ ቢራ አትቀምስም» አለችው። ፊቱ ወደቀ፣ ምስኪን። ከዚያ ቫርኒሽ ቀቢያችንን ጠራችው። ቁመቱ የትየለሌ ስለሆነ ሁላችንም ቀጭኔ ነው የምንለው። ስልክ የሚሠራበትን ጉብታ አሳየችው፣ የጤና ጣቢያውን ቁጥር ስልኩ ላይ አስያዘችውና «አንድ ነገር ቢፈጠር አንተ ወደዚያ ነው የምትሮጠው፤ ሌላ ሥራ የለህም» አለችው።

አባትሽ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይስቃል። «ለመዝናናት ነው የመጣነው ወይስ ጦር ሜዳ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና «ሕመም ያለበት ሰው ካለ መጥቶ በጆሮዬ ይንገረኝ፤ ከእኔ አያልፍም» አለች።

ማን ይምጣ? ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አረፈው! የግፊት ኪኒኑን በየጠዋቱ በሻይ የሚያወራርደው የሒሳብ ሠራተኛችን ሳይቀር ደረቱን ነፍቶ ወደ ሐይቁ ሄደ። አባትሽማ ጭራሽ አላያትም። ስኳሩን እንደ ነውር ነው የሚደብቀው፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔም ዞር አልኩና ከምንጣፎቹ ጀርባ አግኝቼያት በጆሮዋ ሹክ አልኳት፦ «ባለቤቴ ስኳር አለበት፤ ከኔ እንዳልሰማሽ።» በዕድሜዬ ካማሁት ሐሜት ሁሉ የተባረከው ይሄ ነው።

«ኪኒን ነው የሚወስዱት ወይስ መርፌ?» አለችኝ።

«መርፌ።»

«ዛሬ ተወግተዋል?»

«ጠዋት።»

«ምን በሉ?»

ምን እላታለሁ? ከሰው ጋር እበላለሁ ብሎ ባዶ ሻይ ጠጥቶ ነው የወጣው። «ቶሎ እህል ይቅመሱ፣ እትዬ» አለችኝ። ዳቦ ይዤለት ሄድኩ። ፊቱን አዞረብኝ። «ይሄ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ እኔ ላላምጥ? አላፍርም?» መጨረሻ የሚበላ እሱ ነው፤ አመሉ ነው። ሥጋውን የሚጠብሰው እሱ፣ የሚያድለው እሱ፣ የሚቀምሰው ድስት ሲጠረግ።

ምሳው ደግሞ ዘገየ። ለምን አትይኝም? እንጨት ረስተን! ልጄ፣ አታስቂብን፤ የእንጨት ሠራተኞች ሆነን፣ ቁርጥራጭ ቤታችንን ሞልቶ፣ አንድም ሰው ማገዶ አልጫነም። እያንዳንዳችን ሌላው ጭኖታል ብለን። እና አባትሽ መጥረቢያውን ይዞ የወደቀ ግንድ መፍለጥ ጀመረ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፈለጠ፣ ፈለጠ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ድንች እየላጥኩ ወሬ ይዤ ረሳሁት።

ድምፁን ነው የሰማሁት። የሥራ ቤቱ ባለቤት ላይ ይጮኻል፤ ስንት ዘመን እንጀራ አብሮት በቆረሰው ሰውዬ ላይ! «አንተ ቀጣፊ! የሰው ላብ መጣጭ!» እያለ። ሮጬ ስደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዐይኑ እኔን እያየ አያየኝም። «ሞቅ ብሎታል» ብሎ ሳቀ አንዱ። ያፈርኩትን ማፈር አትጠይቂኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ነበር።

አዋላጇ ከየት እንደመጣች አላውቅም። አንገቱን በመዳፏ ነካ አድርጋ ላቡን አየችና ለስላሳ ከፍታ ወደ አፉ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ይጠጡ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ።» እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ጮኼ ከእጇ ነጠቅኋት! «ስኳር አለበት እያልኩሽ! ልትገይው ነው እንዴ?» ለስላሳው በሙሉ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

እሷ አልተቆጣችም። ሁለተኛውን እየከፈተች «እትዬ፣ ስኳር ያለበት ሰው ስኳር አልቆበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ተሳስቼ ቢሆን እንኳ ትንሽ ለስላሳ አይገድላቸውም፤ ይሄኛው ግን ይገድላቸዋል» አለች። እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ለስንት ዓመት ስኳር አለበት፣ ስኳር አለበት ስንል፣ አንድ ቀን ያልቅበታል ብሎ ያሰበ የለም። ቃሉ ራሱ ነው ያሞኘን።

ልታጠጣው ስትል ጠርሙሱን በክንዱ መታው። «ሂጂ ከፊቴ!» አላት። ያ ድምፅ፣ ልጄ። ያው ራሱ። ልቤ ያኔ ደንገጥ አለች፤ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፣ ጉልበቱ ከዳውና ግንዱ ላይ ተዘረረ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንዱ ባልዲ ውሃ ይዞ መጣ ሊደፋበት። ሌላዋ መንጋጋውን ይዛ ለስላሳውን ልትግተው። የቀረው ከቦ ይጮኻል። ያቺ ድምጿን የማታወጣ ልጅ ያን ጊዜ ጮኸች፦ «አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳይገባ! መዋጥ አይችሉም፣ ያንቃቸዋል! ዞር በሉ፣ አየር ስጡ!» በጎኑ አስተኛችው፣ አገጩን ቀና አደረገች፣ ጆሮዋን አፉ ላይ አድርጋ ትንፋሹን ሰማች። «ይተነፍሳሉ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ። ቀጭኔን መጥራት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ቀና ብዬ ሳይ በዚያ እግሩ ጉብታው አናት ላይ ደርሶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

አናጢዎቹ የምሳውን ጠረጴዛ ሳንቃ ከእግሩ አላቀቁትና እዚያ ላይ አጋድመው ተሸከሙት። ራሱ ልጎ የሠራው ሳንቃ ነው። ቁልፉ ምስማሩ ላይ፣ መኪናው አፉን ወደ መንገዱ፣ ሹፌሩ ዐይኑ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ቆሟል። ማንም ሱሪ አልፈለገም።

መንገዱን አልነግርሽም። እግሩን ታቅፌ ነበር፤ ካልሲው ቀዳዳ እንደነበረ ብቻ ነው የማስታውሰው፣ እና ሳልሰፋለት ሊሄድብኝ ነው ብዬ ማልቀሴ። ሰው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። አዋላጇ ጎኑን ይዛ በየመታጠፊያው ትንፋሹን ትሰማለች። መገንጠያው ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሱ አልጋ ስቦ በር ላይ ይጠብቀናል፤ ቀጭኔ ሁሉንም ነግሮት። ጣቱን ወጋ አድርጎ ለካው፣ ቁጥሩን አይቶ ከንፈሩን ነከሰና ወዲያው በደም ሥሩ ስኳር ሰጠው። ስንነፍገው የኖርነውን ስኳር! ብዙም አልቆየ፣ የዐይኑ ሽፋን ተርገበገበ። ከዚያ የሆነች አንዲት ነገር አለች፤ እሷን ለመጨረሻ አስቀምጫታለሁ። ዘለሽ እንዳታነቢ፣ አመልሽን አውቃለሁ።

እንቅልፍ ሲወስደው ከአዋላጇ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ» አልኩ።

«ስኳር ሲያንስ አንጎል ይራባል፣ እትዬ። የተራበ አንጎል ሰውየውን ይለውጠዋል። ይሳደባል፣ ይማታል፣ የሰከረ ይመስላል። ሲነቃ ምንም አያስታውስም።»

አያስታውስም ስትል ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ መሰለኝ። የሽኝትሽ ቀን! መርፌውን የጀመረ ሰሞን ነበር። ጠዋት ተወግቶ፣ እንግዳ ካልተሰበሰበ ብሎ እህል ሳይቀምስ፣ ከየቤቱ ወንበር ሲያመላልስ የዋለ ሰው ነበር። በማግስቱ ሸሚዙን ሳጥበው ጨው ሠርቶ ነበር፤ መጠጥ ግን አልሸተተኝም። ምን እንዳለሽ ስንነግረው «እኔ? ለልጄ? አላስታውስም» አለ። «ሰካራም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አልነው፤ ጎረቤቱም፣ ወንድሜም፣ እኔም። ትንሽ ቆይቶ አላስታውስም ማለቱን ተወ። አመነን።

ሁሉንም ለአዋላጇ ነገርኳት። ጨዋ ልጅ ናት፣ እኔን ለማስደሰት አልቀባጠረችም። «እዚያ ስላልነበርኩ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን ይመስላል፤ በጣም ይመስላል» አለች። እኔ ግን እርግጠኛ ነኝ። ሁለቱንም ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁና። ያ የአባትሽ ድምፅ አይደለም፣ የረሃቡ ነው።

ቤት ገብተን አልጋው ላይ ደግፌ አስቀምጬው ነገርኩት። ይደሰታል ብዬ ነበር። ምን አለኝ መሰለሽ? «ለእሷ እንዳትጽፊላት።»

«ለምን?»

«ሰበብ የምፈልግ ይመስላታል። በሽታው ይበለው እኔ ልበለው፣ የሰማው ጆሮዋ ነው። ይቅርታ ሲኖርብኝ በሐኪም ወረቀት አልጠይቃትም።»

ግትር! አንቺስ ከማን ወረስሽው? «እሺ» አልኩት። እሺ ብዬ ነው ይኸው የምጽፍልሽ። ትዳር ማለት እንዲህ ነው፣ ስታገቢ ትደርሺበታለሽ።

አሁን በየኪሱ ከረሜላ አለ። ሱሪውን ሳላራግፍ ባጥበው ስንት ከረሜላ ቀልጦ ጨርቁን አጣበቀው። መርፌ ከወጋ በኋላ ሳይበላ ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ቀድሞ ይጎርሳል፣ እያፈረም ቢሆን። እና ሳቂ ደግሞ፦ ሰኞ ከሥራ በኋላ አዋላጇ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነበር። ያ ጤነኛ ሕዝብ ሁሉ! ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ አንዱማ የልብ ኪኒን ከሚስቱም ደብቆ የሚውጥ ነው። አባትሽ ሰልፉን አልፎ «እኔን አውቀሽኛል፣ መቼም» ብሏት ሄደ።

አንቺም ከጓደኞችሽ ጋር ተራራ ልንወጣ ነው ብለሽኝ ነበር። ስትሄዱ አስም እንዳለብሽ ለአንዳቸው ንገሪ፤ የምትነፊው መድኃኒትሽ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ አሳዪ። የመኪናችሁ አፍ ወደ መውጫው ይሁን። ማን ለእርዳታ እንደሚደውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቢስቁብሽ ይሳቁ፤ እኛም ስቀን ነበር።

እንግዲህ ያስቀመጥኳት ነገር። አባትሽ ዐይኑን ሲገልጥ ነርሱ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ ስምዎት ማነው?» አለው። ስሙ ጠፋበት። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ዐይኑ ጣራው ላይ ዞረ፣ አላወቀውም። እኔን አሳየውና «እኚህ ማናቸው?» አለው። «እናቴ» አለ! ለቀልድ እንዳይመስልሽ፣ የምሩን ነው። አዋላጇ ገና እየነቃ ነው ብላ እጄን ያዘችኝ። ነርሱም «እሺ፣ ማን ይጠራልዎት? የማን ስልክ ላይ ልደውል?» አለ።

ያንቺን ቁጥር ነገረው። ረጅሙን፣ ከነአገሩ መለያ፣ ሳያቋርጥ። እኔ እንኳ ወረቀት ካላየሁ የማልችለውን፣ አንድ ቀን ሲደውልበት ያላየሁትን። ነርሱ መዳፉ ላይ ጽፎ ስልኩን ሲያነሳ አባትሽ እጁን ያዘው። «ተው፣ አትደውል። እዚያ ገና አልነጋም። ልጄ ተኝታለች።»

ምን ቀን እንደሆነ የማያውቅ፣ ሚስቱን ያላወቀ ሰውዬ፣ አንቺ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እሱ ይህን አያስታውሰውም። አልነገርኩትም።

በይ የኔ እናት፣ የምትረግጪው ይለስልስልሽ፣ የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ፣ ክፉ ሲመጣ የሚያውቅሽ ሰው ከጎንሽ አይጥፋ። ካልሲውን አድርጊ። ይህን የሚያደርስልሽን ልጅ ሻይ ሳታጠጪ እንዳትሸኚው።

እና እሑድ ስትደውዪ ስልኩን እኔ አላነሳም። ልብስ እያጠብኩ ነው፤ እጄ በሳሙና ተለውሷል። ጓሮ የምሆነው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ከአንዱ በስተቀር። ረዘም አድርገሽ አስጩኺው።

ከወዲሁ እጇን ሳሙና ውስጥ የነከረችው
እናትሽ